ያመለጠው የቅርጫ በሬ

ሥጋ በማወቅ የሚበልጠኝ ሰው ላፍቶ ውስጥ የለም። ጉራ ነው ካላችሁም ይሁን፣ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። ማንም አላስተማረኝም። ልኳንዳ ቤት ተቀጥሬ አላውቅም፤ በየበዓሉ የሚያርዱ ሰዎች አጠገብ ቆሜ፣ ቢላቸውን ይዤ፣ እያየሁ፣ እየጠየቅሁ፣ እየተሰደብኩ ተማርኩ። ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ብቻ ሽንጡን ከዳቢቱ እለያለሁ።

ለዚህ ነው የሰፈራችን አሥር ቤት ለፋሲካ ቅርጫ ሲገባ አራጁ እኔ የምሆነው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ቤት ሳይሠራበት የቀረ ሜዳ አለ። እዚያ የባህር ዛፍ ቅጠል እንጎዘጉዛለን፣ በሬውን ወደ ምሥራቅ አዙረን እንጥላለን፣ እኔ በስመ አብ ብዬ አርዳለሁ፣ ሥጋው ለአሥር ይመደብና ዕጣ ይወጣል። ዕጣ የማይነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሻኛው ጫፍ። እሱ የአባባ ነው።

አባባ የቅርጫችን ሽማግሌ ናቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል። ሁዳዴን ሲጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። ከትንሣኤው ቅዳሴ ተመልሰን ሁላችንም ዶሮው ላይ ስንረባረብ እሳቸው አንድ ብርጭቆ ተልባ ጠጥተው ቁጭ ነው። ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ መጀመሪያ የሚቀምሱት ሥጋ እኔ የቆረጥኩት ጥሬ ሻኛ መሆን አለበት። "አንተ ንጹህ ነው ካልከኝ በቃኝ" ይላሉ። እሳት አይነካው፣ ሐኪም አያየው። በእኔ ቃልና በሳቸው አንጀት መካከል ሌላ ምንም የለም።

ካቻምና የፋሲካ ዕለት ንጋት ላይ ነው። ዝናብ ሲጥል አድሮ ጉም ከወንዙ ተነስቶ ሜዳውን ሞልቶታል። እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም፤ የካህናቱ ዜማ ገና ጆሮዬ ውስጥ ይንቆረቆራል። ሰዎቹ ከወገብ በላይ ብቻ ይታያሉ፣ እግር የላቸውም። ቀዩ በሬ መሃላችን ቆሞ ይተነፍሳል፤ ጉሙን ሁሉ እሱ የሚያወጣው ይመስል ነበር።

ሁልጊዜ የምናስርበት አሮጌ ጠፍር ነበር። እኔ ግን አዲስ ሰማያዊ የናይለን ገመድ ገዝቼ መጥቻለሁ።

"ጠፍሩ ይሻላል" አለኝ ጎረቤቴ። ለቡ መብራት ኃይል የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ጉራጌ ነው፣ የስንት ዓመት ጓደኛዬ። "ናይለን ሲረጥብ ይንሸራተታል።"

"በእኔ ቋጠሮ?"

"የአንተ ቋጠሮ ያን ቀን ፍራሼን ከመኪናው ጣሪያ ላይ አስፋልት ላይ ዘርግቶታል።"

"ነፋስ ነበር።"

በሬውን ጠልፈን ጣልነው። በስመ አብ ብዬ ቢላውን ሳሳርፍ የኋላ እግሩ ከገመዱ ሹልክ አለ። ቢላዬ ጉሮሮውን ስቶ የአንገቱን ጎን ሰነጠቀው። ተነሳ። ሁለት ሰው እንደ ጆንያ ወዲያና ወዲህ ጣለ። ሮጠ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሥራ እንደረፈደበት ሰው ፈጠን ፈጠን ብሎ ነው ጉሙ ውስጥ የገባው። መሮጥ የጀመረው ከዓይናችን ከተሰወረ በኋላ ነው፤ ኮቴው ኮብልስቶኑ ላይ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሲሄድ ሰማነው።

እኔና ጎረቤቴ ደሙን ተከትለን ወጣን። ድንጋዩ ላይ ጠብ ጠብ ብሏል፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሦስት። ከየቤቱ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል፣ ከሆነ መስኮት መዝሙር ይሰማል። ነጭ የለበሱ እናቶች ከጉሙ ይወጣሉ፣ "እንኳን አደረሳችሁ" ይሉናል፣ ጉሙ መልሶ ይወስዳቸዋል። የምራመደው እኔ ልሁን መንገዱ፣ አላውቅም። አንድ ዘበኛ በር ላይ ቆሟል።

"በሬ አይተሃል?" አልኩት።

"እንኳን አደረሳችሁ። አዎ፣ አሁን አለፈ" አለ፤ የሰፈሩ ነዋሪ እንዳለፈ አድርጎ።

አንድ በጅምር የቀረ ሕንፃ ጥግ ላይ ፌሮ ወጣ ወጣ ብሏል። አንዱ ጫፍ ላይ ቀይ ጸጉር ተሰክቶበታል፣ ሥሩ አረንጓዴ ነገር ፈሷል። ሳየው ገባኝ። ፌሮው ሆዱን ወግቶታል፤ የወጣው ፈርስ ነው።

"ይሄ አረንጓዴው ምንድነው?" አለ ጎረቤቴ።

"ሣር ነው።"

"ከሆዱ ውስጥ የወጣ ሣር ነው ወይስ ገና ያልበላው?"

"ሣር ሣር ነው" አልኩት።

ጉሙ መነሳት ሲጀምር ወንዙ ዳር፣ ባህር ዛፎቹ ሥር ተጋድሞ አገኘነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ሄደናል። ነገሩ እዚህ ጋ ነው ያለው። እንዲህ ያለውን ከብት ትንፋሹ ሳይወጣ ከደረስክበት ባርከህ ታርደዋለህ፣ ይበላል። ሞቶ ከደረስክ በክት ነው፣ አለቀ።

ረዥም ሣር ነጭቼ የዓይኑን ብሌን ነካሁት። ብርሃኑ በቅጠሎቹ መሃል እየሾለከ ፊቱ ላይ ይወዛወዝ ነበር።

"አየህ?" አልኩ።

"ምኑን?"

"ጨፈን አደረገ።"

"ቅጠሉ ነው ጥላውን የጣለበት።"

በስመ አብ ብዬ አረድኩት። የሕያው ከብት ደም ይፈናጠራል፤ ሸሚዝህን ካላገኘ አይረካም። ይሄኛው ከተዘነበለ እንስራ እንደሚወጣ ውሃ ዝም ብሎ ወረደ።

"ሞቃት ነው እኮ" አልኩ።

"ያጠፋሁት ሞተርም ሞቃት ነው" አለኝ።

ስልክ ደውለን ሰዎቹ መጡ፣ እዚያው ገፈፍነው። ሆዱን ስከፍት ነጭ መሆን የነበረበት ሞራ አረንጓዴ ተዥጎርጉሯል። ሥጋው ጠቁሯል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። የተበላሸውን ቆርጬ ወንዙ ዳር ጣልኩ፣ በጀሪካን ውሃ አለቀለቅሁ፣ እያፏጨሁ።

"ይሸታል" አለ ጎረቤቴ ቀስ ብሎ።

"የፈርስ ነው። በሬው ለበዓሉ ሽቶ እንዲቀባ ፈልገህ ነበር?"

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ሳስቅ ሰው አያሸትም፤ ይሄንንም ማንም አላስተማረኝም።

በጋሪ ጭነን ሜዳው ስንደርስ ፀሐይ ከፍ ብላለች። አባባ የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ጭናቸው ላይ ሚጥሚጣ በወረቀት። ከሩቅ ሲያዩኝ ፈገግ አሉ። ሰዎቹ ሥጋውን ለአሥር መድበው ዕጣ ማውጣት ሲጀምሩ እኔ የሻኛውን ጫፍ ቆረጥኩላቸው። ከሆዱ የራቀ ስለሆነ ሲያዩት ያምራል።

"ንጹህ ነው?" አሉኝ።

"ንጹህ ነው።"

አማተቡ። በልካቸው ቆረጡ፣ ሚጥሚጣው ላይ ጫን አደረጉት፣ አነሱት። ጊዜው የቆመ መሰለኝ። እጃቸው እየወጣ ነው፣ ግን አፋቸው ጋ አይደርስም፤ እኔ ደግሞ ወንዙ ዳር ተመልሼ ያን ዓይን እያየሁ ነው። ብሌኑ ላይ ትንሽ አፈር ነበረች። ሣሩ ሲነካው አፈሯ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ያኔም አይቻታለሁ።

"አባባ፣ አይብሉት።"

እጃቸው ቆመ። ዕጣ የሚያወጡትም ቆሙ።

"ለምን?"

"ስደርስበት ሞቶ ነበር። ዓይኑ አልጨፈነም፤ እንዲጨፍን የፈለግኩት እኔ ነኝ። ሆዱንም ፌሮ ወግቶታል፣ ፈርሱ ሥጋው ውስጥ ገብቷል።"

"አሁን ንጹህ ነው አላልከኝም?"

"ብያለሁ።"

"ለምን አልክ ታዲያ?"

"እኔ እንጃ፣ አባባ። ሁልጊዜ ስለምለው መሰለኝ።"

ቁራጩን ቅጠሉ ላይ መለሱት። ወረቀታቸውን አጠፉ። "ውሃ አምጡልኝ" አሉና እጃቸውን በሳሙና፣ ጥፍራቸውን ሳይቀር፣ ታጠቡ።

"ቢቀቀልስ?" አለ አንዱ ከኋላ፣ መደቡን እያየ።

"በክት ቢቀቀል ምን ይሆናል?" አሉ አባባ።

"ትኩስ በክት" አለ ጎረቤቴ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ጎንበስ ብለው የየራሳቸውን መደብ ወደ ጋሪው መመለስ ጀመሩ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ መልስ ነበረኝ።

ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ዶማውን ሊቀበሉኝ ቢመጡም አልሰጠሁም። ጅብ እንዳያወጣው እስከ ደረቴ ድረስ ቆፈርኩ፤ በዚህ ሰፈር እንደሱ ጎኑ የተስተካከለ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ፀሐዩ ጠንክሯል፣ ረሃብና እንቅልፍ ተደባልቀው ከላይ ያሉት ባህር ዛፎች እየዋኙብኝ ነው።

ጥላ ወደቀብኝ። አባባ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ሳህን። ጎረቤቴ ወንበራቸውን ጉድጓዱ ጫፍ ላይ አደላደለላቸውና ተቀመጡ። ዶሮ ወጥ ነው። በእንጀራ ጠቅለል አደረጉና ወደ ታች ዘረጉልኝ።

"አፍህን ክፈት።"

"እጄ አፈር ነው፣ አባባ።"

"እጅህን አልኩህ?"

አንገቴን ቀና አድርጌ ጎረስኩ። እሳቸው ግን ገና ምንም አልቀመሱም፤ ጣታቸውን ሳህኑ ላይ አንጠልጥለው ያዩኛል።

"እርስዎስ?" አልኩ እያላመጥኩ።

"አንተ ዋጥ መጀመሪያ" አሉኝ።

ዋጥኩ። ትንሽ ቆዩ፣ ፊቴን አዩ፣ አሁንም ቆዩ፣ ከዚያ ለራሳቸው ጠቀለሉ።