የፅጌ ጊታርና የእኔ ምላስ

ለንስሐ አባቴ ስንቱን ስዘረግፍ ይህን አንዱን ደብቄ ኖርኩ። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ፤ ስለማታውቁኝ ይቀለኛል።

ኩዌት፣ ፊንጣስ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት የምንሠራ ሁለት ሐበሾች ነበርን። እኔ ስድስት ዓመት የቆየሁ፣ ዓረብኛውን የማንበለብል። ፅጌ ገና የመጣች፣ «ዘይን፣ ዘይን»፣ እሺ እሺ ከማለት በቀር ቃል የሌላት። ማዳም ያለችውን ለእሷ፣ እሷ ያለችውን ለማዳም የማደርሰው እኔ ነበርኩ። «አፌ» ነበር የምትለኝ።

ፅጌ የአናጢ ልጅ ናት። ማዳም አሮጌ አልጋ ስታስጥል እንጨቱን በእኔ በኩል ለምና ሰገነቱ ላይ አወጣችው። ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ ሲያሸልብ በአንዲት መጋዝ፣ በመሮና በብርጭቆ ወረቀት ትታገለዋለች።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ቤዝ ጊታር።»

«አንቺ ልጅ፣ ፀሐዩ መታሽ እንዴ?» ብዬ ሳቅኩባት።

አንገቱን ከአልጋው ቋሚ አወጣችው። ከራስጌው ሆዱን ቦርቡራ በስስ ጣውላ ከደነችው። አራቱን ወፋፍራም ክር የቤቱ ሾፌር ከሚርቃብ ገበያ ገዛላት። በአራተኛው ወር የጊታሩን ጫፍ ሰገነቱ ላይ ባለው ባዶ የቆርቆሮ ውሃ ታንከር ላይ አስደግፋ ወፍራሙን ክር ነካችው።

እግዚኦ! ታንከሩ አጉረመረመ። ድምፁ በጆሮዬ አልመጣም፤ በእግሬ ገብቶ ደረቴ ላይ ቆመ። ይህ የተጣለው እንጨት ነው? እነዚህ ከእኔ ጋር ሽንት ቤት የሚያጥቡት እጆች ናቸው? አማተብኩ። እንባዬ መጣ።

ማዳም ከእንቅልፏ ተነሥታ ከች አለች። አለቀልን አልኩ። እሷ ግን እንጨቱን እየዳሰሰች «ማሻ አላህ» አለች። ወንድሟ ሹዌኽ ውስጥ ዑድ፣ የዓረቦቹን ክራር፣ ይሠራል፤ እንዲህ ያለ እጅ ሲፈልግ ከርሟል። የመኖሪያ ወረቀቷን ወደ እሱ አዛውርላታለሁ፣ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት አለችኝ።

ፅጌ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «ምን አለች?»

«ጩኸት በቃኝ አለች» አልኳት።

አቀረቀረች። «ይቅርታ በያት፤ ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ወደ ማዳም ዞርኩና «እዚሁ ይሻለኛል ትላለች» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ቀናሁ? አዎ፣ ቀናሁ። እዚያ ቤት ብቻዬን መቅረት ፈራሁ? ፈራሁ። የፈራ ሁሉ የጓደኛውን እንጀራ ይዘጋል እንዴ?

ያንኑ ዕለት ክሮቹን ፈታቻቸው። ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር ስትጠርግና ስትተኩስ ቆይታ አገሯ ገባች። ስትሄድ ጊታሩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ «አፍ ሆነሽኝ ኖረሻል፤ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም» አለች። ተቀበልኩ። አያችሁ? እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ።

አሁን አልጋዬ ሥር ነው። ባለፈው ዓርብ ደወለችልኝ፤ «ትጫወቺበታለሽ?» አለች። አዎ አልኳት። አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም፤ ያ ድምፅ ዳግም ደረቴ ላይ ቢቆም የምችለው አይመስለኝም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር የምትል እሷ ናት፤ ለእሷ ደግሞ እስካሁን አልነገርኳትም።