ወደ ቀኝ የሚጎትተው ፍሬን

ከባለቤቴ ከግርማ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ሥራ የበረዶ ጎማ መቀየር ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በስደት በምንኖርባት ከተማ፣ ፓይንሪጅ በሚባለው ሰፈር፣ ቤታችን በር ላይ። የት እንደሚገባ በየጎማው ላይ በጠመኔ ጽፌ ነበር። «አስተማሪዋ፣ ጎማ ሁሉ እኮ ክብ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም በጻፍኩት መሠረት ገጠማቸው። ረቡዕ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ።

የመካኒክነት ሙያ በቅርብ የጀመሩ የአገሬ ልጆች ጻፊልን ስላሉኝ ነው ይህን የምጽፈው። በቀን ጥቂት መስመር ነው የምችለው።

አብረን የሠራንበት ጋራዥ የገባሁት የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ ግርማ ከተቀጠረ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ዶቨር በሚባል ሰፈር አጠገብ ያለ፣ አሮጌ መኪና ብቻ የሚሠራበት ትንሽ ቤት ነበር። የጋራዡ ባለቤት ሬይ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ፈቃድ ያለው መካኒክ እርሱ ብቻ ነበር። ግርማ ረዳት ነበር፣ የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ላይ። እኔ ከመኪና የተፈታ ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። አገር ቤት እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ እርሱ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት የጭነት መኪና ፍሬን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሬይ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ የፍሬን ድራም፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ከበሮ መሰል ብረት፣ ሲከፈት አቧራው በአየር አይነፋም፣ ሳንባ ይገድላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሁለተኛው ለሁለታችንም ነበር። ሞተር ብናበላሽ እንደሚታገሠን፣ በፍሬን ግን ሁለተኛ ዕድል እንደሌለ ነገረን። ከግርማ በፊት የነበረውን ረዳት ያሰናበተው በዚሁ ነው።

በሁለተኛው ወር ዳግ የሚባል ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ሆት ሮዱን ይዞ መጣ። በፈረንጅ አቆጣጠር በሠላሳዎቹ ዓመታት የተሠራ፣ የጭቃ መከላከያው የወለቀ፣ ወደ መሬት ዝቅ የተደረገ መኪና ነው። ሌላው ሰው ዘመናዊ የዲስክ ፍሬን ያስገጥማል። ዳግ ግን የዚያን ዘመን ዕቃ ካልሆነ አልፈልግም አለ፤ ከሌላ አሮጌ መኪና የተፈታ የድራም ፍሬን በካርቶን አምጥቶልናል። ቅዳሜ ሚስቱን ይዞ ከከተማው ውጭ ወዳሉት ተራሮች ሊሄድ ነው።

ጊዜው ስላጠረ ሬይ የፊቱን ፍሬን አከፋፈለን። ግራው ለግርማ፣ ቀኙ ለእኔ።

በእያንዳንዱ ድራም ውስጥ ድራሙን እየተጫነ የሚያቆም ሁለት የፍሬን ሸራ አለ። እኩል አይደሉም፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። ካርቶኑ ውስጥ ከአሮጌ መጽሐፍ የተገለበጠ አንድ ገጽ አገኘሁ። ረጅሙ ወደ መኪናው ፊት ይሁን ይላል፤ እንደዚያው አድርጌ ገጠምኩ። ግርማ በሚያውቃቸው የጭነት መኪናዎች ላይ ወደ ፊት የሚሆነው አጭሩ ነበር። እርሱም እጁ እንደለመደው ገጠመ። እርሱ ገጹን አላየም፤ እኔም የእርሱን ጎን አላየሁም።

ከዚያ ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየሩን አወጣን። እኔ ፔዳል ላይ፣ እርሱ ከታች። «ርገጪ። ያዢ። ልቀቂ።» ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ።

ዓርብ ጠዋት ሬይ መኪናውን ሊሞክር ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ቀልቶ ነበር። ፍሬን ሲይዝ መኪናው ወደ ቀኝ ጎትቶት የእግረኛ መንገዱ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ቀኙን ራሴው ገጥሜው እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩ። አላግባብ የሚይዘው ጎን ነው የተበላሸው አለ። መኪናውን ሊወስድ የመጣው ዳግ ቆቡን ይዞ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ግርማ በክሪክ አንሥቶ የእኔን ድራም አወጣ። ዝቅ ባለ ድምፅ «ገልብጠሽዋል፣ ረጅሙን ወደ ፊት አድርገሽዋል» አለኝና ፒንሳውን ሸራዎቹን በያዘው ሞላ ላይ አሳረፈ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የሚጎትተው የእኔ ጎን በደንብ ስለሚይዝ፣ የእርሱ ደግሞ ስለሚደክም ነው። የእኔን ቢገለብጠው ሁለቱም እኩል ይደክማሉ። መኪናው ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሬይም ደኅና ነው ብሎ ይፈርማል። ዳግና ሚስቱ ከተራሮቹ ሲመለሱ ያለውን ረጅም ቁልቁለት የሚወርዱት በዚያ ፍሬን ነው። ብናገር ደግሞ የሚባረረው ባሌ ነው።

«ግርማ፣ ሞላውን አትንካ» አልኩት። «የተገለበጠው ያንተ ነው።»

«አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ።»

«ይሄንን ግን አልሠራህም።»

ገጹን ከሽርጤ ኪስ አውጥቼ ሰጠሁት። እንግሊዝኛው ቢቸግረውም ሥዕሉ ላይ የመኪናውን ፊት የሚያሳይ ቀስት ነበር። ደጋግሞ አየው። ሬይ ምን እያላችሁ ነው ብሎ ጠየቀ። አማርኛ ስለማያውቅ ግርማ የፈለገውን ሊመልስለት ይችል ነበር።

ተነሥቶ እጁን ጠረገ። «የእርሷ ልክ ነው» አለው በእንግሊዝኛ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ በግራ በኩል።»

ሬይ መነጽሩን አድርጎ ገጹን አነበበ። «እርሷ ዝም ብትል ኖሮ ቀኙን ትገለብጠው ነበር?»

«አዎ።»

«እኔም እፈርም ነበር» አለ ሬይ። ዞር ብሎ ዳግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለስ አለው። ስለ ማባረር አላነሣም።

ግራውን አስተካክለን፣ አየሩን እንደገና አውጥተን፣ ሬይ ሦስት ጊዜ ሞከረው። ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰኞ ዳግ ጭቃ የለበሰ መኪናውን ሊያሳየን መጣ። ሚስቱ ቁልቁለቱን ሙሉ ተኝታ እንደወረደች ነገረን።

ያን ዓርብ አብረን ወደ ቤት ሄድን። ግርማ መንገድ ላይ «በሰው ፊት ነው እንዴ እንዲህ የሚባለው?» አለኝ።

«በአማርኛ ነው ያልኩህ።»

«በእሱስ ልክ ነሽ» አለ። ቀጥሎም ማታውን ያንን ገጽ እየተረጎምኩ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ አዲስ ዓይነት ፍሬን በመጣ ቁጥር ሳላነብለት አይከፍትም ነበር። እኔም በዓመቱ ከዕቃ ማጠብ ወጥቼ ሙያውን መማር ጀመርኩ።

ሁለት ጎን እኩል ስለሆነ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱም እኩል ሊሳሳቱ ይችላሉ። ከመግጠማችሁ በፊት ለዚያ መኪና የተጻፈውን አንብቡ፤ ከገጠማችሁ በኋላ ሁለቱንም ከፍታችሁ እዩ።

ሬይ ጡረታ ወጥቷል። እኔ ፈቃዴን ካገኘሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አሁን እዚያው ጋራዥ ፍሬን እሠራለሁ።