አባቴን የፈለግንበት ወረቀት

አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ዲላ ካለው ቤታችን ወጥቶ አልተመለሰም። መርሳት ከጀመረ ዓመት አልፎት ነበር፤ እኛ ግን ለጎረቤት «ትንሽ ደክሞታል» ነበር የምንለው።

የአፋልጉኝ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ግራ እጃቸው ላይ ሁለት ጣት የላቸውም» ብዬ ስጀምር እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ጎደሎ ነው ብለሽ በየግድግዳው ልትለጥፊው ነው? ሰው ምን ይለናል?»

ጣቶቹን በወጣትነቱ ኮንጋ በሚባል ቦታ ቡና ማጠቢያ ሲሠራ መፈልፈያው ማሽን ነው የወሰደበት። ሰረዝኩት። መርሳቱንም አልጻፍኩም። ፎቶ ስንመርጥም በእኔ ምርቃት ቀን ሙሉ ልብስና ክራቫት አድርጎ፣ ፂሙን ተላጭቶ የተነሳውን አወጣን። ከቤት ሲወጣ ግን ፂሙ አድጎ፣ የዝናብ ልብስ ለብሶ፣ ቦት ጫማ አድርጎ ነበር። ክብሩን የጠበቅንለት መስሎን ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለን።

ቀበሌው «ማህተም የሌለው ወረቀት ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም» አለኝ። ማህተም ያዡ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስብሰባ! ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ካለው ሰሌዳ ላይ ያለ ማህተም ለጠፍኩ። በማግስቱ «የሚከራይ ክፍል» የሚል ወረቀት አባቴ ፊት ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። በጥፍሬ ቦጨቅኩት። ተማሪዎች ቆመው ሲያዩኝ አላፈርኩም።

ምናልባት እግሩ ወደ ድሮ ሥራው መርቶት ይሆናል ብዬ በሞተር ኮንጋ ሄድኩ። የማጠቢያው ጥበቃ፣ ደግ ሽማግሌ፣ የእሸት ቡና ዋጋ ከሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ ቦታ ሰጡኝ። በሳምንቱ ዝናብ ያበላሸውን ወረቀት ልቀይር ተመለስኩ።

«አንድ ሰውዬ መጣ ነበር» አሉኝ፣ ለጨዋታ ያህል። «አንቺ በሄድሽ ማግስት። ቦት ጫማ፣ ፂም ብዙ። እዚህ ቁጭ አለ፣ ውሃ ሰጠሁት። እጁ እንዲህ…» ግራ እጃቸውን አንስተው ሁለት ጣት አጠፉ።

«ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ይሄ ሌላ ሰው ነው እኮ፣ ልጄ» አሉ የፎቶውን ክራቫት እያዩ። «እኔ ራሴ ለሱ አነበብኩለት። ምን ይላል አለኝ፤ ስሙንም፣ ሁሉንም አነበብኩ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«አዘነ። ‹አይ ምስኪን፣ ልጆቹ እንዴት ሆነው ይሆን› አለ። ከዚያ አመስግኖኝ ተነሳ፣ በላይኛው መንገድ ሄደ።»

ከዚያ ወዲህ አየሁት ያለን ሰው የለም።