ቡታጅራ ላይ ራህመት የሆንኩበት ከሰዓት

ዝናቡ ገና እንዳባራ ነው ገበያ የገባሁት... ጭቃው ላይ ጭድ ተበትኗል፣ ከዘቢዳር ተራራ የወረደው ጉም የሰዉን ግማሽ አካል ሸፍኖታል። ድምፅ ይሰማችኋል፣ ባለቤቱ ግን ቆይቶ ነው ከጉሙ የሚወጣው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው እንግዲህ። አዲስ አበባ ያለው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሶሻል ሳይኮሎጂ የሚባል ትምህርት ጀምሬያለሁ፤ ለክረምት እረፍት ደግሞ ቡታጅራ እህቴ ጋ መጥቻለሁ። ባሏ እዚያ አስተማሪ ነበር።

መምህራችን ለእረፍት ሲሸኘን አንድ ሥራ ሰጥቶናል። «የማታውቁትን ሰው ልክ እንደሚያውቃችሁ አድርጋችሁ ሰላም በሉ። ሰው እንግዳ መሆናችሁን በምን እንደሚለይ ልብ በሉ» ብሎናል።

መጀመሪያ አንድ ባለ ጋሪ አገኘሁ።

«እንዴት ነህ ባክህ! ጠፋህ እኮ! ቤተሰብ ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ! አንቺስ? እናትሽ ደህና? ከብቶቹስ?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ከብት የለንም። ግን «ደህና ናቸው» አልኩት።

ልባሽ ጨርቅ የሚሸጠውም፣ ጨው የሚሰፍረውም እንደዚያው። እኔ አንድ ስጠይቅ እነሱ አምስት ይመልሳሉ። ማንም «ማን ልበል?» የሚል ጠፋ። ሥራዬ ሊበላሽ ነው ብዬ ተስፋ ስቆርጥ፣ በርበሬ ከፊታቸው የዘረጉ አንዲት ትልቅ ሴት እያዩኝ መሆኑን አየሁ። ሄድኩና ሁለቱንም እጃቸውን ያዝኳቸው።

«እንዴት ከረሙ እማማ? ናፍቀውኝ ነበር!»

ፊቴን አተኩረው አዩት። ከዚያ ጉንጬን በበርበሬ እጃቸው ዳሰስ አድርገው...

«ራህመት! መጣሽ?» አሉኝ።

ደስ አለኝ፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ተሳሳተልኝ! አይ አይደለሁም ለማለት አፌን ስከፍት በርበሬያቸውን ለጎረቤታቸው አደራ ሰጥተው ተነሡ። ለባለ ጋሪው በጉራጊኛ የሆነ ነገር ነገሩት። ከዚያ እጄን ያዙና «ነይ ቤትሽ እንግባ» አሉኝ።

ሄድኩ። አሁን ድረስ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም... እጃቸው ይሞቅ ነበር።

መንገዱ በእንሰት መሐል ነው። ቅጠሉ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፣ ከኋላችን ገበያው ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ቤታቸው ትልቅ ክብ የሣር ቤት ነው። ውስጡ ጨለም ብሎ በአንድ ወገን ፈረስ ቆሟል፤ ሲተነፍስ ይሰማል።

ቆጮ በአይብ አቀረቡልኝና ያወሩኝ ጀመር። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው፣ ሕፃን የሚያስተኙ ይመስላሉ።

«ከዚች ምሰሶ ሥር ነበር የምትደበቂው። ፈረሱን ስትፈሪ... አስታወስሽ?»

«አዎ» አልኩ። ሥራዬ ነዋ!

«እህል ይዘሽ ትመጪና እጅሽን ሳትዘረጊ ትሮጫለሽ። አባትሽ ሲስቅብሽ ታለቅሻለሽ።»

ምሰሶውን ነካሁት፣ ለስላሳ ነበር። እና ምን ልበላችሁ... የዚያ ፈረስ ትንፋሽ መዳፌ ላይ ሲሞቀኝ ትዝ አለኝ። አባቴ ፈረስ ኖሮት አያውቅም። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ግን ትዝ አለኝ።

«አንድ ክረምት ወንድምሽ አዝሎሽ ወንዝ ሲሻገር ሻሽሽን ውሃ ወሰደው...»

«ቀይ አበባ ያለበትን» አልኩ።

ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ በቃ ከአፌ ወጣ። ሴትዮዋ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አፍጥጠው አዩኝ። «ያ ረቢ!» አሉና ትንሽ ሸሸት ብለው ተቀመጡ። እኔም ራሴን ፈራሁት። ስሜን በልቤ ደጋግሜ ጠራሁ፣ እንዳይጠፋብኝ።

ያኔ ደጅ ላይ ጋሪ ቆመ። እህቴ ጭቃ በጭቃ ሆና ዘልላ ገባች።

«ምን ሆነሽ ነው? አእምሮዋን የሳተች ልጅ ተገኝታለች፣ የማን ናት እየተባለ ከተማው ውስጥ እየተጠየቀ ነው!»

«ማን ናት እሷ?» አልኩ እኔ።

ባለ ጋሪው መሬት መሬት አየ። ሴትዮዋም እንደዚያው።

ነገሩን ሳስረዳ ላብ አጠመቀኝ። ትምህርቱን፣ የመምህሩን ትእዛዝ፣ ሁሉን ነገርኳቸው። እማማ ሸሪፋ፣ ስማቸው ይኸው ነው፣ አዳመጡኝና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ጫማሽ ጥሩ፣ ልብስሽ ጥሩ... ግን የማታውቂውን ሁሉ እየጨበጥሽ ናፍቀኸኛል፣ ናፍቀሽኛል ትያለሽ። የታመመ ሰው ‹አይደለሽም› ቢሉት ይብሳል። ዘመዶችሽ እስኪመጡ ላረጋጋሽ ብዬ ነው።»

«ራህመትስ? ራህመት ማን ናት?»

ሳቁ። ሲስቁ ልጅ መሰሉ።

«እኔ ነኛ! ሸሪፋ ስዳር አማቶቼ ያወጡልኝ ስም ነው። ቤቱም የአባቴ ነበር። ለሌላ ሰው የልጅነት ትዝታ ስጪ ብትባይ ከየት ታመጫለሽ? ያለኝን የራሴን ሰጠሁሽ።»

ጋሪው ላይ ልወጣ ስል ግን ክንዴን ያዙኝ። ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል።

«የሻሹን ቀይ አበባ ማን ነገረሽ?»

እጃቸውን ስሜ ጋሪው ላይ ወጣሁ።

ለመምህሬ «የቡታጅራ ሰው ሰላምታ ይመልሳል» ብዬ ብቻ ጻፍኩለት። እማማ ሸሪፋ ጋ ግን በየክረምቱ ሄድኩ፤ በደንብ ተወዳጀን። ተመረቅኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ... ሁሉንም አይተዋል።

ብቻ እህቴን ገበያ ላይ ባገኟት ቁጥር፣ እስኪያርፉ ድረስ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ያቺ ልጅ... ተሻላት?» ይሏት ነበር።