በመዶሻ የሚያዳምጡት አጎቴ

የእናቴ ወንድም ሠላሳ ዓመት በጆሯቸው ኖሩ። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ወለሉን በሚሸከሙት አግዳሚ የብረት ቢሞች ጀርባ ላይ የተበየዱትን ባለ ራስ ካስማዎች አንድ በአንድ በመዶሻ እየነኩ ያዳምጣሉ። ብረቱንና ኮንክሪቱን አጋብተው የሚይዙት እነዚያ ካስማዎች ናቸው፤ ከለቀቁ ወለሉ በቢሙ ላይ ይንሸራተታል፣ ሸክሙንም ለየብቻ አይችሉትም። በደንብ የያዘ ካስማ ይጮኻል፤ ያልያዘ ያጉረመርማል። ሠራተኛው «ጋሼ ጆሮ» ሲላቸው ደስ ይላቸው ነበር።

እኔ እሳቸው በሚሠሩበት ሕንፃ ግንባታ ብረት የማስር ፌራዮ ነበርኩ። አንድ እሑድ ባለቤታቸው እስከ በሩ ሲሸኙኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አጎትህ በቀኝ ስጠራው በግራ ይዞራል። አደራህን፣ ለሰው እንዳታወራ፤ ከሥራ ያስወጡታል» አሉኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ያ ዝምታ ዛሬም ይከነክነኛል።

አራተኛውን ወለል ልንሞላ በተዘጋጀን ጠዋት ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። የኮንክሪት መኪኖቹ በሩ ላይ ያጓራሉ። አጎቴ አንዱን ካስማ መቱ፤ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። እኔ አምስት እርምጃ ርቄ ሰማሁት፤ እርጥብ ግንድ የመቱ ያህል የታፈነ ድምፅ። እሳቸው በጠመኔ «ደህና» ብለው ምልክት አድርገው አለፉ።

«አጎቴ፣ ይቺን እስቲ መትተው ያጉብጧት» አልኩ።

ከኋላችን የቆመው ፎርማን ሳቀ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አሁን ደግሞ የእህት ልጅ ጆሮ መጣ? መኪና እየጠበቀ ነው እኮ ጋሼ!»

አጎቴ ፊቴን አዩ፤ ነገሩን ከዚያ አነበቡት። መዶሻውን አንስተው ካስማውን ከጎኑ መቱት። ደህና ካስማ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም፤ ያ ግን ከሥሩ ተገንጥሎ ወደቀ። ቀጣዩም እንዲሁ። ሦስተኛውም። ፎርማኑ ሳቁን ዋጠና «መኪኖቹን መልሷቸው!» ብሎ ጮኸ።

እኔ እፎይ አልኩ። አጎቴ ግን ቁልቁል ያዩ ነበር። የሦስተኛው ወለል ካስማዎች ከሁለት ወር በፊት በኮንክሪት ተቀብረዋል፤ ከእንግዲህ ማንም በመዶሻ አይነካቸውም። እዚያ ላይ ሃያ ያህል ለሳኞች እያንጎራጎሩ ግድግዳ ይለስናሉ።

«የሦስተኛውን ስመታ አንዱንም አልሰማሁም» አሉ አጎቴ፣ ፎርማኑን ፊት ለፊት እያዩ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብለው። «በዓይኔ ብቻ አይቼ ነው ያሳለፍኳቸው።»

 በደረጃው ወደ ሦስተኛው ወለል እየተንደረደሩ ወረዱ፤ «ውጡ! ሁላችሁም ከዚህ ወለል ውጡ!»

ለሳኞቹ ተያይተው ሳቁ። «ጋሼ ጆሮ ዛሬ ምን ሰምተው ይሆን?» አለ አንዱ። ጥግ የነበረው ሽማግሌ ብቻ ባልዲውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።