ሃያ ሁለቱ የድምፅ ምዕራፎች

እህቴ የልብስ መቆንጠጫዎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ አንድ በአንድ እያወጣች ወፍራሙን ብርድ ልብስ በመስኮቱ ላይ ታያይዘዋለች። ሰባት መቆንጠጫ ነው የሚበቃው። ስድስት ከሆነ ጥጉ ይላላና የመንገዱ ድምፅ በዚያ ሾልኮ ይገባል። ቀጥላ የቁም ሣጥኑን ሁለት በሮች ወለል አድርጋ ትከፍታለች፤ የተሰቀሉት ካፖርቶች የክፍሉን ማሚቶ ይውጡታል። ገጽ ስትገልጥ እንዳይንኳኳ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ታነጥፋለች። የእጅ ሰዓቷን እንኳ ፈትታ ሌላ ክፍል ታስቀምጠዋለች። ሁሉም ሲያልቅ ወደ ኮሪደሩ አንገቷን ታወጣና፣ "ፍሪጁን!" ትላለች።

ያኔ ባሏ ይመጣል። ፍሪጁ ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ ሽቦው ግን በቀዳዳ አልፎ እዚህ ክፍል ከመጋረጃው ጀርባ ካለው ዲቫይደር ላይ ነው የሚሰካው። እጁን ሰዶ ስፒናውን ይነቅላል፤ ፍሪጁም አንዴ ተንቀጥቅጦ ዝም ይላል። ዝም ሲል እህቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ ማንበብ ትጀምራለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሪ ነበረች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የትምህርት መጻሕፍት እያነበበች በድምፅ ትቀዳለች። ጎረቤቱ ሁሉ "ሬዲዮ" ነው የሚላት፤ አትቆጣም። ከሁሉ ያለፋት የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ነው፣ ምክንያቱም ሥዕል ይበዛዋል። የልብን ሥዕል አይቶ ለማያውቅ ልጅ በቃል መንገር ቀልድ አይደለም። ለዚያች አንዲት ገጽ ብቻ ሦስት ቀን ፈጅታለች። መጀመሪያ "ቡጢህን ጨብጥ" ብላ ጀመረች፤ ከዚያ ቡጢውን አራት ክፍል አድርጋ ከፈለችው፤ ደሙ በየት በኩል ገብቶ በየት እንደሚወጣ በአውራ ጣትና በመሐል ጣት እያስቆጠረች አስረዳች። መጽሐፉ ሃያ ሁለት ምዕራፍ አለው። አሥራ አራት ወር ፈጀባት። ዘጠኝ ተማሪዎች ፈተና ሊቀመጡበት ነው፤ የቀረው ጊዜም አሥራ አንድ ቀን ነበር።

በዚያች ጠዋት እኔ ልጠይቃት ሄጄ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሃያ ሁለተኛውን ምዕራፍ ቀድታ ጨርሳ፣ ሁሉ በሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ላይ እያስቀመጠችው ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ጠባብ ስለሆነ የምትቀዳው በቀጥታ ዲስኩ ላይ ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ አሥራ አራት ወር የፈጀው ድምፅ ያለው በዚያች መጽሐፍ በምታክል ጥቁር ሣጥን ውስጥ ብቻ ነበር። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ የምዕራፉን ጥያቄዎች ለማንበብ ተዘጋጀችና፣ "ፍሪጁን!" አለች። ባሏ ስልኩ ላይ ዜና እያነበበ መጣ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጎንበስ አለ፣ ፍሪጁም ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ እህቴ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገችው።

"ይኼ ምን ይላል?" አለች።

ኮምፒውተሩ ዲስኩን ማንበብ አልቻልኩም፣ እንድጠቀምበት ከተፈለገ ፎርማት መደረግ አለበት፣ ላድርገው ወይ? ብሎ ጠይቋል።

"እሺ በይዋ" አለ ባሏ። "በትሕትና ነው የጠየቀሽ።"

"ፎርማት ማለት ምን እንደሆነ ሳላውቅ?"

"ማስተካከል ነዋ!"

አስተማሪነቷ አዳናት። መመሪያ ሁለቴ ሳታነብ የምትነካው ነገር የለም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ "ካቻቢቴን ጥሩልኝ" አለች።

ካቻቢቴ ታች መንገዱ ላይ ኮምፒውተርና ስልክ የምትጠግን ሴት ናት። ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ነው ስሙ የወጣላት፤ እጇም ላይ ካቻቢቴ አይጠፋም። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ "ምን ተጫናችሁ?" አለች።

"ምንም አልተጫንኩም" አለች እህቴ።

"እንዲህ የሚለኝ ሰው ሁሉ ቢያንስ ሦስት ነገር ተጭኖ ነው፣ እትዬ።"

"እኔ እሺ በይ ብያት ነበር፤ እምቢ አለች" አለ ባሏ።

"ጋሼ፣ አታላይም በትሕትና ነው የሚጠይቀው። ያንን ቢጫኑት ኖሮ ዲስኩ ባዶውን ይቀርና አሁን እኔ የመጣሁት ለማጽናናት ነበር።"

ዲስኩን በሌላ ገመድ ሞከረችው፤ አልሆነም። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ባለው ሌላ ቀዳዳ ሰካችው፤ ያው ነው። ከቦርሳዋ የራሷን ላፕቶፕ አውጥታ አገናኘችው፤ ያም ፎርማት ላድርግ አለ። ከዚያ ጆሮዋን እንደ ሐኪም ዲስኩ ላይ ለጠፈች።

"አያንኳኳም" አለች። "ይዞራል። ታዲያ ምን ነካው?"

"እኔ ልንገርሽ" አለ ባሏ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። "ጥፋቱ የብራውዘሩ ነው። ሰማያዊውን ተይው፣ ቀዩን ተጠቀሚ ብዬ ስንት ዘመን ነገርኳት! ሰማያዊው ሜሞሪ ይበላል ይባላል። ሜሞሪ የበላ ዲስክ የማይበላው ለምንድን ነው?"

"ጋሼ፣ ዶሮ ጥሬ በላች ተብሎ ግድግዳ በላች አይባልም።"

"የኔን ብራውዘር ተወው!" አለች እህቴ። በጭንቋ ላይ ይህ ሲጨመር ነደዳት። "አንተ ቀዩን የወደድከው ማስታወቂያ ስለሚከለክልልህ ነው። ለልጆቹ ገጹን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ፕሮግራም በቀዩ ላይ ይደናበራል፤ 'ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ' ብቻ ይላል፣ የምን ቁልፍ እንደሆነ አይናገርም። በሰማያዊው ግን አንዲት ቃል አይዘልም። ዓይኔን ጨፍኜ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ!"

"አርባ ታብ ከፍታ ትተዋለች እኮ፣ ልጄ" አለ ወደ ካቻቢቴ ዞሮ።

"አንተስ በሃምሳ ወንበር መቶ ሰው ስትጭን ማን ተናገረህ?"

ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ሰላሳ ዓመት ሲነዳ አንድም ጭረት የሱ ጥፋት ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ግንቡ ነው የመጣበት። ይህ የቤተሰቡ የቆየ ቀልድ ነው፤ በዚያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም።

ካቻቢቴ ክርክሩን አስቆመች። "ብራውዘሩ የታየበት ወንጀል የለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እየጻፈ ሳለ መብራት ጠፍቷል? ስፒና ተነቅሏል?"

"መብራቱማ አልጠፋም፤ ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው" አለች እህቴ።

ባሏ መጋረጃውን አየ። ከዚያ፣ "ቀዩ ግን ፈጣን ነው" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"እንግዲህ ኃይል ካልተቋረጠበት" አለች ካቻቢቴ፣ "የታመመው ከውስጡ ነው ማለት ነው። ያን እኔ አልነካውም፣ ብነካው አባብሰዋለሁ። አቧራ የማይገባበት ልዩ ክፍል ያላቸው ሰዎች ጋ ነው የሚላከው። ሁለት ወርም ሊፈጅ ይችላል፤ መዳኑም በርግጥ አይታወቅም።"

እህቴ አላለቀሰችም። መጽሐፉን አነሳች፣ ገጽ አንድ ላይ ገለጠችው፣ እግሯን አጠፍ አድርጋ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። "በቀን ሁለት ምዕራፍ ባነብ በአሥራ አንድ ቀን ያልቃል" አለች። ለሁለት ሳምንት ጉንፋን ይዟት ስለነበር ድምፅዋ በግማሹ ሻካራ ነው። ውኃ በብርጭቆ ቀዳች፣ ማይክሮፎኑን አቃናች፣ "ምዕራፍ አንድ" ብላ አፏን ስትከፍት ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

"አንዴ ቆዪ" አለ ባሏ።

ቆየች።

"እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"ስፒናው። የፍሪጁ መስሎኝ አጠገቡ ያለውን የዲስኩን ነቀልኩት። ስልኩን እያየሁ ነበር። ፍሪጁ ሳያቆም ሲቀር ገባኝና ወዲያው መለስኩት። እንዲህ..." እጁን ገፍቶ አሳየ። "ሁለት እስትንፋስ አይሞላም እኮ! ምንም አይሆንም ብዬ ነው።"

እህቴ ብዙ አየችው። በመጨረሻ፣ "ዛሬስ ግንቡ አይደለም?" አለች።

"ዛሬ እኔ ነኝ።"

ካቻቢቴ እጆቿን አጨበጨበች። "እሰይ! ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ከዚህ የተሻለ ወሬ የት ይገኛል?"

ሁላችንም ዞረን አየናት። "እትዬ፣ ዲስኩ ጤነኛ ነው ማለት እኮ ነው። ልክ እየጻፈ ሳለ ጉሮሮውን ያዙት። ከመጽሐፍ ማውጫው ገጽ እንደ መቀደድ ነው፤ ምዕራፎቹ ግን ውስጡ አሉ። እስካሁን ማንም ምንም አልጻፈበትም። አሁን መጀመሪያ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ እገለብጠዋለሁ፣ ከዚያ ፍለጋውን በግልባጩ ላይ ነው የማደርገው፤ ዋናውን አንነካውም።"

ግልባጩ አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። በማያ ገጹ ላይ ቁጥሩ አንድ፣ ሁለት እያለ ሲንቀሳቀስ፣ አንድም ጊዜ ዐይኗን ሳትነቅል እህቴ ታየዋለች። ባሏ በገዛ እጁ ሻይ አፍልቶ አቀረበልን። ስኳሩን ረስቶታል፤ ማንም አልነገረውም።

ቁጥሩ አርባ ሁለት ላይ ሲደርስ፣ "ለመሆኑ አንቺ የትኛውን ነው የምትጠቀሚው?" አላት ካቻቢቴን።

"ብራውዘር? ሁለቱንም አይደለም፤ አረንጓዴውን።"

"ኧረ!" አሉ ባልና ሚስቱ በአንድ ድምፅ። ከጠዋት ጀምሮ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

"ብራውዘር እንደ ጫማ ነው፤ የሰው ጫማ የሰው ነው" አለች እየሳቀች። "የእትዬ ሰማያዊ ለልጆቹ ከሆነላቸው ይሁን። ግን አድሱኝ ሲል ይታደስ፤ እስካሁን ስንት ጊዜ ነው 'በኋላ' ያሉት?"

እህቴ አንገቷን ደፋች። "መቼ ላስታውስሽ ሲለኝ ሁሌ 'ነገ' እለዋለሁ።"

"ያው! ግንቡ ይኸውልሽ!" አለ ባሏ፣ ደፈር ብሎ። እሷም ሳቋን መቋቋም አቃታት።

ከዚያ ፕሮግራሙ የፈለገውን ማውጣት ጀመረ። ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ናቸው። ካቻቢቴ አንዱን ከፈተችው። "ምዕራፍ ዘጠኝ። ገጽ አንድ መቶ ሰማንያ አራት። ልብ። ቡጢህን ጨብጥ" አለ የእህቴ ድምፅ፣ ጉንፋን ከመያዙ በፊት የነበረው ጥርት ያለው ድምፅ። እህቴ ሳታስበው ቡጢዋን ጨበጠች። ባሏም ጨበጠ። እኔም ጭምር።

ስም ቢጠፋቸውም፣ እያንዳንዱን ቀረጻ በምዕራፍና በገጽ ቁጥር መጀመር ልማዷ ስለሆነ ሁሉንም እየሰማን በየቦታቸው አስቀመጥናቸው። ባሏ በወረቀት ላይ ይመዘግባል፣ ካቻቢቴ ስም ትሰጣለች። ሃያ አንዱ ሙሉ ሆነው ተገኙ። ሃያ ሁለተኛው ግማሹ ላይ፣ ስለ ዘር መውረስ እያስረዳች ሳለ፣ ቁርጥ ይላል። እሱን በማግስቱ እንደገና አነበበችው፤ ሻካራ ቢሆንም ይሰማል። ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው መጽሐፉ ሙሉውን ልጆቹ እጅ ገባ። በዚያን ቀን እህቴ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አውርዳ ብርሃን ሲገባ በረጅሙ ተነፈሰች። እንዲህ ያለ ትንፋሽ ከሷ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ካቻቢቴ ስትሰናበት አንድ ነገር አጥብቃ ነግራታለች፦ ሁለተኛ ቅጂ ይደረግ፣ እሱም ከዚህ ቤት ውጭ ይቀመጥ። እኔ ቤት ይሁን ተባለ፤ ከእህቴ ቤት ሁለት መንገድ ነው የምርቀው። ቅጂውን ሠራች፣ በፎጣ ጠቀለለች፣ በፖስታ ውስጥ አድርጋ ስሜን ጻፈችበት። ሰኞ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ሳለች የትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ደወለ፤ ለሚቀጥለው ክፍል የኬሚስትሪ መጽሐፍ ልኮላታል። መጽሐፉ ሲመጣ ቆማ ገለጠችው፣ ከዚያ ተቀመጠች፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ሥዕል እንዴት እንደምትናገረው ማሰብ ጀመረች።

ፖስታው ኮሪደሩ ውስጥ ካለው የጫማ መደርደሪያ ላይ ነው። ትናንት ስጠይቃት፣ "ነገ አመጣዋለሁ፣ እህቴ" አለችኝ።