ፍየሏ ወንዙ ዳር ስትደርስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ የምነግራቸው ሁልጊዜ ትንንሾቹን ነው፤ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን። እሳቸውም ስግደት አዝዘው ያሰናብቱኛል። በጉልበቴ አሳብቤ ግማሹን አልሰግድም፤ እሱንም ተናዝዤ አላውቅም። ትልቁን ግን ይዤው አረጀሁ።

ቂርቆስ ውስጥ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ድምፄን እወደው ነበር። ሬዲዮ ጣቢያ ተፈትኜ ወድቄ እንኳን ጥፋቱ የሬዲዮው ነው ባይ ነበርኩ። አራተኛ ክፍል ደርሰው ፊደል የሚምታታባቸው ልጆች ስለነበሩኝ አንድ ዘዴ አመጣሁ። የተረት መጽሐፍ አንብቤ በካሴት እቀርጻለሁ፤ ልጆቹ ቴፑን እየሰሙ ጽሑፉን በጣታቸው ይከተላሉ። ዘዴው ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። ጣታቸው የት እንዳለ ማየት ግን የእኔ ሥራ ነበር። እኔ ምን አይ ነበር? ዓይኔን ጨፍኜ ድምፄን አዳምጥ ነበር።

የቀረጽኩት ካዛንቺስ፣ መንገድ ዳር ባለችው ቤቴ ነው። የፍየሏን ተረት ሳነብ፣ «ፍየሏ ወንዙ ዳር ስትደርስ» እንዳልኩ አንድ ወያላ መስኮቴ ሥር ቆሞ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ይል ጀመር። እስኪሄድ ዝም አልኩ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግኩና «ውሃው ጠቁሮ አገኘችው» ብዬ ቀጠልኩ። እንደገና መቅረጽ ታከተኝ።

ሰብለ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። እናቷ ቡልጋሪያ ሰፈር አትክልት ትሸጣለች። መጽሐፍ ሲገለጥ የምትሸማቀቅ ልጅ፣ ካሴቱን ቤቷ ከወሰደች ወዲህ ሳትደናቀፍ ታነብ ጀመር። በወላጆች በዓል እንግዶቹ ፊት አቆምኳት። «ፍየሏ ወንዙ ዳር ስትደርስ» አለችና ዝም አለች። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ቀጠለች።

እንግዶቹ በስሜት ያነበበች መስሏቸው አጨበጨቡ። እኔ ግን አወቅኩ። ዝምታው የወያላው ነው፤ ጉሮሮው የእኔ ነው። ገጹንም አልገለጠችም። ልጅቷ አታነብም፤ እኔን ሸምድዳለች።

ምን አደረግኩ? አጨበጨብኩ። ከሁሉም አስበልጬ አጨበጨብኩ። ጋቢ አለበሱኝ፤ ለበስኩ።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት መጣች። ጫማዋን እያየች፣ «ቲቸር፣ ፊደሎቹን ግን አላውቃቸውም» አለችኝ።

«ማን ጠየቀሽ? አሁን አንባቢ ነሽ፣ በቃ። ሂጂ ተጫወቺ» አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊደል ለሚምታታባቸው ከምሰጠው የድጋፍ ትምህርት አስወጣኋት። እኔ ነኝ ያስወጣኋት። እውነቱን በአፏ ይዛልኝ መጥታ አፏን ያዘጋኋት እኔ ነኝ። ደፍራ የነገረችኝ እሷ፣ የፈራሁት እኔ። ምን ፈርቼ? ጋቢው እንዳይወሰድብኝ? ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋረጠች ሲሉኝ «ወይ የዘንድሮ ልጅ» ብዬ አለፍኩ።

ይህ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል። ካዛንቺስ ያለችው ቤቴም ፈርሳለች። በቀደም ሽንኩርት ልገዛ ቡልጋሪያ ሄድኩ። የእናቷን ቦታ ይዛ ሰብለን አገኘኋት። እሷ አላየችኝም። አጠገቧ ትንሽ ልጇ የትምህርት ቤት መጽሐፏን ዘርግታ፣ «እማዬ፣ ይቺን አንብቢልኝ» ትላታለች። ገጹ ላይ የፍየል ሥዕል አለ።

ሰብለ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበችና ጀመረች። «ፍየሏ ወንዙ ዳር ስትደርስ» አለች። ዝም አለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከስንት ዓመት በኋላ ያ ወያላ እስኪሄድ ትጠብቃለች።

ልጅቷ ጣቷን ጽሑፉ ላይ አድርጋ ስትከተል ቆየችና፣ «እማዬ፣ እንዲህ እኮ አይልም» አለች።

ሰብለ ቀና ስትል እኔን አየች። ደነገጠች። ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «እኔን ልታርሚ? ማንበብ ያስተማሩኝ ቲቸር እኚህ ናቸው። ጠይቂያቸው» አለቻት።

ልጅቷ መጽሐፉን አነሳችልኝ። «አባባ፣ እዚህ ጋ ፍየሏ ወንዙ ዳር ስትደርስ ይላል?»

አየሁት። አይልም። ስለ ፍየል ወተት ነው የሚያወራው። ልጅቷ ልክ ናት። የሰብለ ዓይን እኔ ላይ ነበር፤ ያን የእረፍት ሰዓት ጫማዋ ላይ የነበረው ዓይን።

«እናትሽ ያለችው ነው» አልኩ።

ልጅቷ ጣቷን ከመጽሐፉ ላይ አነሳች።

ሰብለ ሽንኩርቱን መዝና ምርቃት ጨመረችልኝ። ተቀበልኩ። መቀበል መቼ አቅቶኝ ያውቃል?

ለእናትየዋ አዝኜ ነው እንዳልል፣ ያን ቀን ጋቢ ስለብስ ማን አዝኖ ነበር? ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ሄጄ ለሁለቱም እውነቱን እነግራለሁ፣ ከፊደል እንጀምራለን ብዬ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ሽንኩርቱ ትናንት አለቀ። ሌላ ልገዛ የሄድኩት ኡራኤል ነው፤ ሌላ ሱቅ።